«ልክ እንደ ሰብዌይ፣ ግን በታንኳ»፦ ከሚወዱት ጌም ተነስቶ የራስን ጌም የመሥራት መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ጌም ልሥራ የሚል ልጅ ሐሳቡን ሲነግራችሁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌላ ጌም ነው። ልክ እንደ ሰብዌይ ሰርፈርስ፣ ግን በታንኳ። ልክ እንደ ፍላፒ በርድ፣ ግን ወፏ የጣና ፔሊካን። ልክ እንደ ካንዲ ክራሽ፣ ግን በከረሜላው ፋንታ የዘጌ ቡና።

ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከሚወደው ጌም ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው እዚያው ላይ ሲቀር ነው። ባቡሩ ወጥቶ ታንኳ ገባ፣ ሐዲዱ ሰማያዊ ተቀባ፣ አለቀ። ይሄ ኩረጃ ነው። ተጫዋቹም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያውቅባችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። ለመማር ከሆነ እስከ ጥግ ኮርጁ። ፖንግን ከዜሮ ሥሩ፣ ቴትሪስን ሥሩ፣ ፍላፒ በርድን ሥሩ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ብቻ ላፕቶፓችሁ ላይ ይቅር። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለሕዝብ ሊለቁ፣ ምናልባትም ሊሸጡ ላሰቡ ነው። የውጭ አገር ጌሞችና ጉዳዮች ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጌሙን በታትኑት

ደብተር ያዙ። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው ሕግ፣ ሁለተኛው መልክ፣ ሦስተኛው ቅመራ ይባል።

ሕግ ማለት ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይችላል፣ ምን ይገድለዋል፣ መቼ ያሸንፋል የሚለው ነው። ሰብዌይ ሰርፈርስን ብንወስድ፦ ወደፊት መሮጥ፣ በሦስት መስመር መካከል መቀያየር፣ መዝለል፣ መንከባለል፣ ከተጋጩ ማለቅ። መልክ ደግሞ በዓይንና በጆሮ የሚገባው ሁሉ ነው። ግድግዳ ላይ ቀለም የሚረጨው ልጅ፣ ከነውሻው የሚያባርረው ጠባቂ፣ ባቡሮቹ፣ ሙዚቃው፣ የቁልፎቹ ቅርጽ ሳይቀር።

ቅመራ የሚለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፍጥነቱ በየስንት ሰከንድ ይጨምራል? ዝላዩ ስንት ቁመት ነው? ሳንቲሙ ምን ያህል ይበተናል? ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ዋጋው እንዴት ያድጋል? የጌም ሠሪ ትልቁ ላብ የሚፈሰው እዚህ ነው። ወራት ሙሉ እየሞከሩ፣ እየቀነሱ፣ እየጨመሩ ያገኙት ቁጥር ነው። ሥዕል የሰረቀ ይታያል፤ ቅመራ የሰረቀ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ለራሳችሁ ሐቀኛ መሆን ያለባችሁ በዚህ ክፍል ነው። የሌላውን ጌም በሰዓት እየለካችሁ ቁጥሩን ወደ ራሳችሁ ኮድ የምትገለብጡ ከሆነ፣ ሥዕሉን ሁሉ ብትቀይሩም ሥራው የሌላ ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ የዘር ሐረጉን ቁጠሩ

እኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለጌሙም ቁጠሩለት። ሰባት ባይሞላ ሦስት ይበቃል።

ሰብዌይ ሰርፈርስ የወጣው በ2012 ነው። ከእሱ በፊት በ2011 ቴምፕል ረን ነበር። ከዚያም በፊት በ2009 ካናባልት የሚባል፣ በአንድ ቁልፍ ብቻ እየዘለሉ የሚሮጡበት ጌም ነበር። ወደ እኛም መጥቷል፤ ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ ዶሮ የምትሮጥበት ጌም ነው። አሁን አስተያዩ። ሳያቋርጡ ወደፊት መሮጥ በሁሉም ውስጥ አለ። ይሄ የጋራ ነው፣ እንደልባችሁ ውሰዱት። ቀለም የሚረጭ ልጅና ውሻ ይዞ የሚያባርር ጠባቂ ግን አንዱ ቤት ብቻ ነው ያለው። አትንኩት።

ሐረጉን ስትቆጥሩ ንጹሕ የሚባል ቅድመ አያት እንደሌለ ታያላችሁ። ፖንግ በ1972 ሲወጣ ማግናቮክስ በዚያው ዓመት ያወጣው፣ ራልፍ ቤር የፈለሰፈው ኦዲሲ የሚባል የጌም ማሽን ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ጌም ነበር። ማግናቮክስ የፖንግን ሠሪ አታሪን ከሰሰ፣ በ1976 አታሪ ለፈቃድ ከፍሎ ተስማሙ። ዱም በ1993 ሲወጣ ደግሞ ከኋላው የመጡት ሁሉ ለዓመታት «የዱም ኮፒ» ይባሉ ነበር። ዛሬ በተኳሹ ዓይን የሚታይ ጌም ሁሉ የዱም ኮፒ ነው የሚል የለም፤ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል።

ብዙ የሚያከራክረው የትሪስ እና የ2048 ጉዳይ ነው። ትሪስ በየካቲት 2014 ወጣ። ሠሪዎቹ አሸር ቮልመርና ግሬግ ዎልዌንድ አሥራ አራት ወር ገደማ ደክመውበታል። አራት በአራት ሰሌዳ፣ ቁጥሮችን እየገፉ ማዋሐድ ነው። ብዙም ሳይቆይ 1024 የሚል ተመሳሳይ ጌም መጣ። በመጋቢት ደግሞ ገብርኤሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ 2048ን ለቀቀ። የሠራው በቅዳሜና እሑድ ነው። በነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ዓለም የሚያውቀው 2048ን ሆነ። ትሪስን የሠሩት ሰዎች ከባድ ቅሬታቸውን በአደባባይ ጻፉ።

ታዲያ ሌብነት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ፣ ግን ምክንያቱን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ትሪስ ውስጥ ካርዶቹ በአንድ ግፊት አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳሉ። 2048 ውስጥ እስከ ግድግዳው ይንሸራተታሉ። ትሪስ ውስጥ አንድና ሁለት ተጋብተው ሦስት ይሆናሉ፤ 2048 ውስጥ የሚዋሐደው እኩል ከእኩል ነው። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ነገር ግን አጨዋወቱን ሙሉ በሙሉ ትለውጠዋለች፤ ትሪስ ያስጨንቃል፣ 2048 ዘና ያደርጋል። ልጁ ደግሞ ገንዘብ አልጠየቀም፣ ከማን እንደተነሳም ገጹ ላይ ጽፏል። ይሁንና የአሥራ አራት ወር ልፋት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ሲዋጥ የሚሰማው ቁጭት እውነተኛ ነው። ሕጋዊ መሆንና ጨዋ መሆን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። የእናንተ ጌም የት ላይ እንደሚቆም መወሰን ያለባችሁ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ነው።

ደረጃ 3፦ ሕጉ የት ላይ እንደሚቆም እወቁ

በእኛ አገር መነሻው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ ሥዕልን፣ ሙዚቃን ይጠብቃል። በሌላ አነጋገር የደብተራችሁ የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኛው ነፃ ነው፣ ሁለተኛው የባለቤቱ ነው። ገበጣን ማንም ተነስቶ የኔ ነው ሊል አይችልም፤ አንድ ሰው የሠራው የገበጣ አፕ ኮድና ሥዕል ግን የዚያ ሰው ነው።

ጌማችሁን ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ላይ ስታወጡ የውጭ አገር ሕግም ይደርስባችኋል። ስለዚህ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ያዩዋቸውን ጉዳዮች ማወቅ ይጠቅማል።

በ2012 የቴትሪስ ባለመብቶች ሚኖ የሚል ጌም የሠራውን ዚዮ የተባለ ድርጅት ረቱት። ዚዮ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን መግጠም የማንም አይደለም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በዚህ ተስማሙ። ነገር ግን ሚኖ የወሰደው እሱን ብቻ አልነበረም። አሥር በሃያ የሆነውን ሰሌዳ፣ የቅርጾቹን መልክ፣ ቅርጹ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየውን ጥላ፣ ሲያልቅ ሰሌዳው የሚሞላበትን መንገድ ሁሉ እንዳለ ወስዶታል። ሌላ መንገድ ሞልቶ ሳለ ያንኑ መንገድ መርጧል።

በሌላ በኩል በ1988 ዴታ ኢስት የተባለ ጌም ሠሪ ኤፒክስ የተባለውን ሌላ ድርጅት በካራቴ ጌም ከሶ በይግባኝ ተሸንፏል። ምክንያቱም ጌሙ ውስጥ ያለው የውድድር ዳኛ፣ ነጥቡ፣ የእርግጫው ዓይነት የመጣው ከካራቴ ራሱ ነው። ካራቴ ጌም የሚሠራ ሁሉ እሱን መጠቀሙ አይቀርም። ይሄን ያዙልኝ፣ ለታንኳችንም ይሠራል። ታንኳ፣ ጉማሬ፣ እምቦጭ፣ ደሴት ከጣና የመጡ ናቸው። ሌላ ሰው የጣና ጌም ስለሠራ እናንተ አትከለከሉም።

ስለ ፓተንት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ፓተንት ማለት ለፈጠራ የሚሰጥ መብት ነው፤ አሠራርንም ሊይዝ ይችላል። ፓልወርልድ የሚባለው ጌም በ2024 ሲወጣ ሰው ሁሉ ያወራ የነበረው ፍጥረቶቹ ፖኬሞን ይመስላሉ እያለ ነበር። ኒንቴንዶና ፖኬሞን ካምፓኒ በዚያው ዓመት መስከረም ቶኪዮ ላይ ክስ ሲመሠርቱ ግን ያነሱት የፓተንት ጥያቄ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ጀማሪ ይሄ ብዙም አያሰጋም። ገንዘብ መግባት ሲጀምር ግን ጠበቃ አማክሩ። ይሄ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም።

ደረጃ 4፦ ታንኳው ጌሙን ይቀይረው

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቸኩላችሁ አትለፉት።

እያንዳንዱ ጌም ለተጫዋቹ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች አሉት። ምን ያስፈራኛል? መቼ እቸኩላለሁ? መቼ አርፋለሁ? በምን ያልቃል? ጥያቄዎቹን ከምትወዱት ጌም ውሰዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። መልሶቹን ግን ከራሳችሁ ቦታ አምጡ።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ውረዱ። ታንኳ የሚሠሩና የሚቀዝፉ አባቶችን አናግሩ። «አባባ፣ ይሄ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ምን ያበላሸዋል?» በሉ። የምትሰሙት ነገር ከየትኛውም የጌም ትምህርት ይበልጣል። እኔ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። አሁን ይሄን ሕግ አድርጉት። ተጫዋቹ በቀዘፈ ቁጥር ታንኳው ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ዝቅ ይላል። መቼ ወደ ዳር ወጥቶ እንደሚያደርቅ መወሰን አለበት። ሲያደርቅ ደግሞ ቀኑ ይሄድበታል። አያችሁ? ሰብዌይ ሰርፈርስ ውስጥ ማቆም የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን ማቆም ራሱ ጨዋታ ሆነ። የጣት ፍጥነት ብቻ ይፈትን የነበረው ጌም አሁን ውሳኔ ይጠይቃል።

ቀጥሉ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ አለ። ጭነት ጨምሮ ብዙ መሸጥ ይሻላል ወይስ ቀንሶ ቶሎ መድረስ? ጣና ላይ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ሐይቁን የሚያውቅ ሰው በጠዋት የሚነሳው። ስለዚህ ጌማችሁ ውስጥ ሰዓት አለ። ጠዋት የተዘናጋ ከሰዓት ማዕበል ይጠብቀዋል።

እምቦጭን ብዙ ሰው እንደ ድንጋይ እንቅፋት ሊያደርገው ይፈልጋል። ነካው፣ ሞተ። ይሄ የሰብዌይ ሰርፈርስ ባቡር አረንጓዴ ተቀብቶ መጣ ማለት ነው። እውነተኛው እምቦጭ አይገድልም፣ ያስራል። ይስፋፋል። ትናንት ክፍት የነበረው መንገድ ዛሬ ይዘጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ካርታውን ማስታወስ፣ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ጉማሬም እንደዚሁ ነው። ዘላችሁ የምታልፉት ነገር አይደለም። ጠልቆ ይጠፋል፣ ከዚያ የት እንደሚወጣ አታውቁም። ድምፅና የውሃ አረፋ ብቻ ስጡት፤ ተጫዋቹ ይጨነቅ።

መጨረሻውስ? ግጭት መሆን የለበትም። ገበያው ሲበተን ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ወደ ደብተሩ ተመለሱና የመጀመሪያውን ክፍል እዩት። ሦስቱ መስመር የለም፣ ውሃ ላይ ሐዲድ ስለሌለ። መንከባለል የለም። ማባረር የለም። የቀረው ወደፊት መሄድና ነገር ማምለጥ ነው፤ እሱ ደግሞ የሁሉም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አገርኛ ነገር መደርደር ብቻውን ጌም አዲስ አያደርገውም። ጀበና፣ ጥበብ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ የማሲንቆ ድምፅ ሞልቶበት ሥሩ ግን ቅንጣት ያልተለወጠ ጌም ብዙ አይተናል። ባህል ማስተዋወቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ አልወድም። ማስፈተኛው ቀላል ነው፦ ታንኳውን አውጥታችሁ በባጃጅ ብትተኩት ጌሙ ያው ከሆነ፣ ታንኳው ጌጥ ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ በግራጫ ሣጥን ሞክሩት፣ የድሮውን ጌም ዝጉት

ሥዕል ከመሥራታችሁ በፊት ታንኳው ግራጫ ሣጥን፣ እምቦጩ አረንጓዴ ክብ ሆኖ ይጫወቱበት። ደካማ ላፕቶፕና ውድ ዳታ ላለው ሰው ጎዶት የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር (ሞተር) እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ለማውረድም ከትልልቆቹ ሞተሮች በጣም ያነሰ ነው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ኔት ቢጠፋም ይሠራል።

በዚህ ጊዜ የምትወዱትን ጌም ከስልካችሁ አጥፉት። ምክሬ የከረረ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። አጠገባችሁ ካለ፣ ፍጥነቱ ባልጣማችሁ ቁጥር ከፍታችሁ «እነሱ እንዴት አደረጉት?» ማለታችሁ አይቀርም። በዚያች ቅጽበት የእነሱ ቅመራ የእናንተ ሆኖ ይገባል። የራሳችሁን ቁጥር በሙከራ አግኙ።

ደረጃ 6፦ ሥዕል፣ ድምፅና ኮድ ከየት እንደመጣ ጻፉ

ከጎግል ላይ የተገኘ ሥዕል ነፃ ማለት አይደለም። ሲሲ ዜሮ የሚል ፈቃድ ያለው በነፃ ይወሰዳል፤ ኬኒ የሚባለው ገጽ ላይ እንደዚህ ዓይነት የጌም ሥዕልና ድምፅ ሞልቷል። ስም መጥቀስ የሚጠይቅ ፈቃድ ካለው ስሙን ጥቀሱ። ኤምአይቲ ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያለው ኮድ ስትወስዱ የፈቃዱን ጽሑፍ አብራችሁ አኑሩ። ፋይሉ የመጣበትን አድራሻ፣ ቀንና ፈቃድ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ። አሰልቺ ነው፣ ግን ቅሬታ ሲመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

እዚህ ከተማ ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው የገዳማቱ ሥዕል ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ጥንታዊ ናቸው፣ ነገር ግን ፎቶውን ያነሳው ሰው በፎቶው ላይ መብት አለው። ከሕጉም በላይ ነውር የሚባል ነገር አለ። አባቶችን አስፈቅዱ፤ ቅዱስ ሥዕል ላይ ነጥብ አታስቆጥሩ። ሁለተኛው ዘፈን ነው። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው የዘፋኙና የአሳታሚው ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ካገኛችሁ ከፍላችሁ ቅረጹ፣ አንድ ገጽ ስምምነትም አስፈርሙ።

ደረጃ 7፦ ጌም ቤት ውሰዱት

ጓደኞቻችሁ ያሞግሷችኋል፣ አይጠቅሙም። ጌም ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ የማያውቋችሁን ልጆች ፈልጉ። ስልኩን ስጧቸው፣ ምንም አታስረዱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ይሄ ምን ዓይነት ጌም ነው?» በሏቸው። «ሰብዌይ ነው እኮ» ካሉ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። «እንደ ሰብዌይ ነገር ነው፣ ግን ታንኳው ይከብዳል» ካሉ ደህና ነው። ታንኳውን ብቻ ካወሩላችሁ ደግሞ ጨርሳችኋል።

የስክሪንሾት ሙከራም አለ። የሁለቱን ጌሞች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉና ስሙን ሸፍናችሁ አሳዩ። የተለያየ ሰው ሥራ ነው ካሉ ጥሩ። ክፍል ሁለትና ክፍል ሦስት ነው የሚመስለው ካሉ ቀለሙን፣ የካሜራውን አንግልና የቁልፎቹን አቀማመጥ ቀይሩ።

ደረጃ 8፦ ስም፣ አይኮንና ምስጋና

የሌላ ጌም ስም ርዕሳችሁ ውስጥ አይግባ። «ሰብዌይ ጣና» የሚል ስም ሰው ቶሎ እንዲያገኘን ይረዳል ትሉ ይሆናል። ፍላፒ በርድን የሠራው ቬትናማዊው ዶንግ ንዌን በየካቲት 2014 ጌሙን ካወረደ በኋላ ስሙን የለጠፉ ኮፒዎች እንደ አሸን ፈሉ፤ ዛሬ አንዱን እንኳ በስሙ የሚያስታውስ የለም። አፕል ኮፒ ጌሞችን የሚመለከት ደንብ አለው፣ ጎግልም ሌላ አፕ መስሎ መቅረብን ይከለክላል። አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። አካውንት መክፈት ለኛ ያለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ።

ከማን እንደተነሳችሁ ግን በግልጽ ጻፉ። ጌሙ መጨረሻ ላይ ባለው የስም ዝርዝር «የሩጫ ጌሞችን ወደን፣ ታንኳ ቀዛፊዎችን አናግረን የሠራነው» ብትሉ ያስከብራችኋል። ያናገራችኋቸውን አባቶችም ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አመስግኑ።

ደረጃ 9፦ የእናንተ ሲኮረጅስ?

ጥሩ ከሆነ ይኮረጃል። ቭላምቢር የሚባሉ ሁለት ሆላንዳውያን በ2010 ራዲካል ፊሺንግ የሚል የዓሣ ማጥመድ ጌም ኢንተርኔት ላይ ለቀው ነበር። የስልኩን እትም ገና እየሠሩ ሳለ በ2011 ሌላ ድርጅት ያንኑ አጨዋወት በስልክ አወጣው። ሊተዉት ምንም አልቀራቸውም። ግን ጨረሱት። ሪዲክዩለስ ፊሺንግ በ2013 ወጣ፣ በዚያው ዓመት አፕል የአይፎን ምርጥ ጌም አለው።

እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ማስረጃ ያዙ። ኮዳችሁን የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ቀኑን ይይዛል። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሱ። ጥሬ የሥዕል ፋይሎችን አትጣሉ። ስሙ መታወቅ ከጀመረ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡት፤ ምዝገባው የሚደረገው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ኮፒ ስታዩ መጀመሪያ ለሠሪው በጨዋ ቋንቋ ጻፉለት። አንዳንዱ ተማሪ ነው፣ ያወርደዋል። ካልሆነ ፕሌይ ስቶርም አፕ ስቶርም የቅሬታ ቅጽ አላቸው። ቅጹ ላይ «ሐሳቤን ሰረቀኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ በሐሳብ ማንም አይሰማችሁም። የተወሰደውን ሥዕል፣ ድምፅ፣ ጽሑፍ ወይም ኮድ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። የእናንተንና የእሱን ፎቶ ጎን ለጎን፣ የእናንተ የወጣበትን ቀን ከነማስረጃው አያይዙ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ እትም ሥራችሁ ተመለሱ፣ መልሱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።